የመዲና አረማመድ

ሰው የሞተች እኅቱን ለመሳል ቁጭ ሲል ከየት ይጀምራል? እናንተ ብትሆኑ ከዓይኗ ትጀምሩ ይሆናል። ሙሀይሚን ግን ከትከሻዋ ጀመረ። ዓይን አይስል፣ አፍንጫ አይስል፣ ከንፈር አይስል! አርባ አራት ዓመቱ ነው፤ ከስምንት ዓመቱ ጀምሮ ወረቀት ላይ ያወጣው ሰው ሁሉ ፊቱ ባዶ ነው።

ነገሩ የመጣው ከአባቱ ነው። አባቱ ኮምቦልቻ ላይ የሰፈሩን ልጆች ቁርኣን የሚያስቀሩ፣ ሲቆጡ እንኳ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ልጃቸው የጎረቤቱን ልብስ ሰፊ ፊት በከሰል ግድግዳ ላይ ቁልጭ አድርጎ ሲስለው ደረሱ። አልመቱትም። ባልዲና ጨርቅ ሰጥተው፣ አጠገቡ ቆመው አሳጠቡት። «የቂያማ ቀን ‹በል ነፍስ ዝራበት› ስትባል ምን ልትመልስ ነው?» አሉት። ልጅ ነውና መላ መታ። ፊት የሌለውን ማን ነፍስ ዝራበት ይለኛል ብሎ ፊት አልባ ሰው መሳል ጀመረ። አባቱ አዩት፤ ዝም አሉ። እሱም ዝምታቸውን እንደ ፈቃድ ቆጠረው። ይኸው እስከ ዛሬ በዚያው ፈቃድ ይኖራል።

በዚያ ቤት ፎቶ የሚባል ነገር አልነበረም። ታናሽ እኅቱ መዲና ደግሞ ከአባቷ የባሰች ነበረች። እሱ ከሚኖርባት ከሲያትል ቪዲዮ ኮል ሲያደርግላት ስልኩን ወደ ጣሪያው አዙራ ነው የምታወራው። «ቆርቆሮውን እያየህ አዳምጠኝ» ትለዋለች፣ እየሳቀች። የቀረችው የቀበሌ መታወቂያዋ ላይ ያለችው ጉርድ ፎቶ ብቻ ናት፤ እሷንም ማኅተሙ ከግንባሯ እስከ አገጯ በልቷታል። ከአገር ሲወጣ እሱ ሃያ ሦስት፣ እሷ አሥራ ስምንት ዓመታቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ በዓይኑ አላያትም።

የዛሬ አራት ዓመት ሞተች። ኩላሊቷን አሟት ሦስት ቀን ተኛች፤ በቃ። ግን ሙሀይሚን ያኔ አልሰማም። የዜግነት ፈተናው ደርሶ ነበርና ‹ልቡ ተሰብሮ እንዳይወድቅ› ተባለ። የኛ ሰው መቼም ክፉ ወሬ በስልክ አይናገር። እናቱ ወይዘሮ ገንዘብ ሁልጊዜ እሑድ ሲደውልላቸው «መዲናስ?» ሲላቸው «ገበያ ወጥታለች» ይሉታል። በሚቀጥለውም እሑድ «ገበያ ናት።» ሁለት ወር ሙሉ ያቺ ልጅ ገበያ ላይ ከረመች! እሱም ሞኙ፣ «ይቺ ልጅ ሱቅ ከፈተች እንዴ?» እያለ ይስቃል። እናት የልጃቸውን መርዶ በጉሮሯቸው ይዘው አብረው ይስቁ ነበር።

ፈተናውን አለፈ። በሦስተኛው ቀን፣ ገና ሳይነጋ፣ የሥራ ባልደረባው ታምራትና አራት ሽማግሌዎች በሩን አንኳኩ። አምስት ሆነው ሲገቡ አንዳቸውም ‹እንዴት አደርክ› አላሉም። ያኔ ገባው።

አባቱም ቀድመው ሞተው ነበርና እናቱ ብቻቸውን ቀሩ። ወረቀቱን ጨርሶ አመጣቸው፤ ሬኒየር ቢች የሚባል ሰፈር ያለችው አንድ መኝታ ቤት አፓርትመንት ውስጥ መኝታውን ለእሳቸው ሰጥቶ እሱ ሶፋው ላይ ያድራል። ሚስት የለውም። ‹ነገ አገባለሁ› ሲል ነገ አለቀበት። ስለ መዲና በዚያ ቤት አይወራም። እሱ እናቴን አስለቅሳለሁ ብሎ ይፈራል፤ እናት ልጄን አስለቅሳለሁ ብለው ይፈራሉ። ሁለቱም በየፊናቸው ሆድ ይፍጀው ብለው ተቀመጡ።

ባለፈው መስከረም የእናት ዓይን ሐኪም ቤት ታየ። ግላኮማ ነው፤ ቆይቷል፤ የተሞከረው ቀዶ ጥገናም አልያዘም። ሐኪሙ በስልክ አስተርጓሚ በኩል እንዲህ አለ፤ ጨለማው ከዳር ወደ መሐል እየገፋ ይመጣል፣ መሐሉ መጨረሻ ላይ ይጠፋል፣ እይታቸው እስከ መጪው ሰኔ ቢቆይ ነው። ወይዘሮ ገንዘብ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አሁንም እኮ በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ነው» አሉ። በባቡር ሲመለሱ ቢከን ሂል ጣቢያ ላይ በሩ ተከፍቶ ሲዘጋ አፋቸውን ከፈቱ።

«ለዓይኔስ ግድ የለኝም፤ ያየሁትን አይቻለሁ። ያቺን ልጅ ግን ገበያ ናት ያልኩበት አንደበቴ እስካሁን ያሳክከኛል። ወላሂ፣ አሁንም በር ሲንኳኳ ከገበያ የመጣች ይመስለኛል።»

ሙሀይሚን በዚያች ደቂቃ ቆረጠ። የእናቱ ዓይን ሳይጠፋ፣ አንዲት ቀን፣ መዲና ከገበያ ስትመለስ ያያሉ። ሌላ የሚፈልገው ነገር አልነበረም።

አሁን ‹እንዴት አድርጎ?› ትሉኝ ይሆናል። ሙሀይሚን መሐል ከተማ የመኪና ማቆሚያ ዳስ ውስጥ ቲኬት ይቆርጣል። ዳሱ ሦስት በኩል መስታወት ነው። ሲያትል ደግሞ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ሰማይዋ አመድ ነው፤ ያ ብርሃን ለሌላው ሰው ልብ ያደክማል፣ ለሙሀይሚን ግን ስንቁ ነው። ወረቀት በወረቀት ላይ ደርቦ መስታወቱ ላይ ይለጥፍና የታችኛውን ሥዕል እያየ የላይኛውን ይስላል። ጨረር የለው፣ ጥላ የለው። ፀሐይ ስትወጣ ይናደዳል። ጀርባቸው ባዶ የሆኑ የተበላሹ ቲኬቶች ላይ ፊት አልባ ሰው እየሳለ ዳሱን ሞልቶታል።

ኖላዊት የምትባል ልጅ መኪናዋን ፓርክ ስታደርግ ያንን አይታ ነበር። ወላጆቿ የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ናቸው፤ እሷ እዚሁ ያደገች፣ ሊንውድ የምትኖር፣ ሥዕል የሚያንቀሳቅሰውን አኒሜሽን ሠርታ የምታድር ናት። «ኖ ዌይ! ጋሽ ሙሀይሚን፣ እነዚህ እኮ መንቀሳቀስ ነው የቀራቸው» ብላው ስልክ ቁጥሯን ሰጥታው ነበር። ደወለላት። አዳምጣው ስታበቃ «ኦኬ። እንሠራዋለን» አለች። ክፍያ የሚባል ነገር አላነሳችም፤ እሷም አያቷን ሳታያቸው ያጣች ናት።

ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ከሬኒየር ቢች ባቡር ይሳፈርና እስከ መጨረሻው ጣቢያ፣ እስከ ሊንውድ ይሄዳል። የኖላዊት የምግብ ጠረጴዛ ላይ ወረቀቱን ዘርግተው ይከራከራሉ።

«ሶ፣ ፊት ከሌላት በምን እናውቃታለን?» አለችው በመጀመሪያው ቀን።

«በአረማመዷ» አላት፣ ሳያስብ። ቲኬት አገላብጦ በጥቂት መስመሮች አወጣላት። ወደ ግራ ያጋደለች፣ ቀኝ እጇ ደረቷን አቋርጦ ግራ ትከሻዋን የያዘ፣ አንገቷን የቀበረች ልጅ። ኖላዊት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ይሄ እኮ እሷ ናት! አላውቃትም፣ ግን እሷ ናት።»

እንግዲህ ሥራው መቀነስ ሆነ። በቁልፍ ቀዳዳ ለሚያይ ሰው ብዙ ነገር አይሳልም፤ አንድ ቅርጽ፣ ጥርት ያለ፣ በአንዴ ዓይን ውስጥ የሚገባ መሆን አለበት። የቀሚሷን አበባ አወጡት። የጆሮ ጉትቻዋን አወጡት። ሻርፗ አንድ መስመር ሆነ። ኖላዊት ወደ መጀመሪያዋ ቲኬት እያመለከተች «ትከሻዋ ላይ ያለው ነገርስ? ቅርጿን ይረብሸዋል» አለች። «ጓዝ ነገር ነው፣ አውጪው» አላት። «ከገበያ ስትመለስ ዘንቢል እንሰጣታለን።» ማጋደሏን ግን አላስነካም። «እሱን ከነካሽው መዲና የለችም።»

ቀለሙ ሁለት ብቻ ሆነ። መዲና ጥቁር፣ ዓለሙ ሁሉ የእርድ ቢጫ። የኮምቦልቻን ሰማይ አይመስልም፣ ግን የእናቱ ዓይን ከሁሉ ቀለም እሱን ይለያል፤ ቤት ውስጥ ሳያስነቃ በቢጫ ፎጣና በቢጫ ሳህን ፈትኖ ነው ያወቀው። ለእናቱ የነገራቸው ነገር የለም። በድንገት እንዲያዩዋት ነው የፈለገው። ‹ዓይን ካላዩበት ግንባር ነው› ይሉ የለ? ግንባር ሳይሆን አንዲት ቀን ይዩበት ብሎ ነው።

ሥዕሉ ትክክል መሆኑን የሚያውቅበት ዘዴም ነበረው። ዳሱ ላይ ይለጥፈውና በዝናብ ውስጥ እስከ ማቆሚያው መጨረሻ ይሄዳል። ከዚያ ዞሮ ያያል። ከመቶ እርምጃ ‹መዲና!› ካላሰኘችው ቀዶ ይጥላታል። መኪና ጥሩምባ እየነፋ ይጠብቀዋል። ታምራት ከሁለተኛው ዳስ አንገቱን አውጥቶ «ምነው ሙሀይሚን፣ ሴትዮዋ አታመልጥህም፣ አትፍራ!» ይለው ነበር። ጥር ላይ የታምራት ዳስ በማሽን ተተካና ታምራትም ሄደ፤ ከዚያ በኋላ የሚያሾፍበት ሰው አልነበረም።

ለአንድ ሰከንድ አሥራ ሁለት ሥዕል ነው። ለሠላሳ ሰከንድ ሦስት መቶ ስልሳ። እየሳላት እየሳላት እጁ እንደ ዱዓ ለመደው። አንዳንዴ ትከሻዋን ሲያጋድል የራሱም ትከሻ ያጋድላል። ደስ ብሎት ነበር፤ እውነቱ ይነገር፣ ከመርዶዋ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎት አያውቅም።

መጋቢት ውስጥ፣ እሑድ ከሰዓት፣ ኖላዊት ኮምፒውተሯን ይዛ ሬኒየር ቢች መጣች። ቴሌቪዥኑ ላይ አገናኘችው። ወይዘሮ ገንዘብ ወንበራቸው ቀርቦላቸው ተቀመጡ።

«እማማ፣ እስኪ ይሄን ይዩልን» አለቻቸው ኖላዊት።

ቢጫው መጣ። ከታች ጥግ ጥቁሯ ልጅ ብቅ አለችና በመንገዱ ሽቅብ መራመድ ጀመረች። እናት ራሳቸውን ወዲያና ወዲህ እያደረጉ ፈለጓት፤ አገኟት፤ ረጉ። ሙሀይሚን የሚያየው ቴሌቪዥኑን አይደለም፣ የእናቱን ፊት ነው። ሠላሳው ሰከንድ አለቀ። ኖላዊት ደገመችው።

«ማናት ይቺ?» አሉ እናት።

«እዪያት እማ፣ በደንብ እዪያት።»

አዩ። «አሟታል እንዴ?»

ሙሀይሚን ወደ ቴሌቪዥኑ ጠቆመ። «መዲና ናት እኮ። ከገበያ ስትመለስ።»

«የትኛዋ መዲና?»

ያ ረቢ! ሦስት መቶ ስልሳ ሥዕል፣ ስድስት ወር፣ ያ ሁሉ ዝናብ፤ ‹የትኛዋ መዲና› ለመባል!

«መዲና የኛዋ» አለ፤ ድምፁ እንደ ልጅ ቀጠነ።

እናት እጃቸውን ዘርግተው ጉልበቱን ፈለጉ፤ ያዙት። «አንተ ልጅ፣ መዲና እኮ ቀጥ ብላ ነው የምትሄደው። አባትህ ‹ምናለ አንገትሽን ሰበር ብታደርጊ› እያሉ እስኪቆጧት። ይቺ ሸክም ያጎበጣት ናት። ሸክሟን ወዴት አደረግከው?»

«ሸክም የላትም እማ። እንዲህ ነው የምትሄደው። በዓይኔ አይቻታለሁ።»

«መቼ?»

«ወደ መናኸሪያ ስንሄድ፣ መታጠፊያው ላይ ዞር ብዬ…» አለና ቆመ።

«እኮ» አሉ እናት ቀስ ብለው። «ሻንጣህን ተሸክማ ነዋ።»

በእነሱ አገር መንገደኛ ጓዙን አይሸከምም፤ ሸኚ ነው የሚሸከምለት። ያን ቀን ሙሀይሚን ዱዓ በሚያደርጉለት ሽማግሌዎች መሐል፣ ባዶ እጁን፣ ፊት ፊት ይሄድ ነበር። ሻንጣውን ይሸከማል የተባለው የጎረቤት ልጅ ቀረና መዲና አነሳችው። መታጠፊያው ላይ አንዴ ዞር ብሎ አያት። ከዚያ ወዲህ ሌላ መዲና አላየም። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ያቺን አንዲት ቅጽበት ይዞ ሲኖር ልቡ ሻንጣውን ጣለና ማጋደሏን ብቻ አስቀረ።

«ከባድ ነበር» አሉ እናት። «በሶው፣ ጭኮው። ማሩን በላዩ የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ‹እማ በቃ፣ ይበዛል› እያለችኝ። ማታ ስትመለስ ትከሻዋ አብጦ አብጦ… ሁለት ሳምንት እጇን ማንሳት አቅቷት በቅቤ ሳሻት ከረምኩ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለመንገደኛ እንዲህ ያለ ነገር ይነገራል?» ተገረሙ። ከዚያ ጉልበቱን መታ መታ አደረጉ። «አብሽር፣ ምን ይሆናል። ማሩ ደርሶልሃል። ‹ጣፋጭ ነው› ብለህ ስትደውልልን እንዴት ብላ እንደ ሳቀች! ‹ትከሻዬን ካሰኝ› ነው ያለችው።»

ሙሀይሚን መሬት ብትውጠው በወደደ። ማሩ የት ደረሰና! ቦሌ ሚዛኑ ላይ ሻንጣው ከተፈቀደው ኪሎ አለፈ። ሠራተኛዋ ‹ቀንስ› ስትለው የመጀመሪያ ያወጣው የማሩን ጣሳ ነው፤ ግድግዳው ሥር አስቀምጦት ሄደ። በኋላ በስልክ ሲጠየቅ ‹ጣፋጭ ነው› አለ፤ ምን ይበል? እነሱም ደህና ነን ይላሉ፣ እሱም ደህና ነኝ ይላል። በዚህ በኩል ቤተሰቡ ሁሉ አንድ ነው።

ኖላዊት አንገቷን ደፍታ ኮምፒውተሯ ውስጥ የድሮውን ፋይል ትፈልግ ነበር። የመጀመሪያዋን ቲኬት አወጣችና ወደ እሱ አዞረችው። ሻንጣው ትከሻዋ ላይ ቁጭ ብሏል፤ ዚፑ ተበላሽቶ የታሰረበት ገመድ ሳይቀር። እጁ አልረሳም ነበር። ‹ጓዝ ነው፣ አውጪው› ያለው ራሱ ነው።

«ቆይ፣ አረማመዷን ላሳይህ» አሉ እናት፤ ተነሱ። አንገታቸውን ቀና፣ ደረታቸውን ቀጥ አደረጉ። ለአንድ አፍታ እውነትም ሌላ ሰው መሰሉ። አንድ ተራመዱ። ሁለተኛው ላይ እጃቸው ሳያዙት ተዘርግቶ ግድግዳ ፈለገ፤ እግራቸው ምንጣፉን እየዳሰሰ ቀረ። እንደ ዓይነ ስውር ተራመዱ። እንደገና ሞከሩ፤ ያው። ቆመው አሰቡ።

«እኔም ጠፋችብኝ» አሉና ተቀመጡ። ኖላዊት መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃውን ከፈተችው፤ ብዙ ቆየች።

ቀጥ ያለችውን መዲና ማን ያሳየው? አባት የሉ፣ ፎቶ የለ። ስለዚህ የሚያውቃትን ያቺኑ ሳላት። ማጋደሏን አልነካም፤ ሻንጣውን ግን ከነገመዱ መለሰላት። ከእሷ ፊት ደግሞ አንድ ሰው ጨመረ፤ ጀርባውን የሰጠ፣ እጆቹ ባዶ የሆኑ። ያን ሰው ለመሳል ምንም አልተቸገረም። ኖላዊት አይታ «ይሄ ማነው?» ብላ ጀመረችና መልሱን ሳትጠብቅ ተወችው። ሥዕሉን ከመጀመሪያው ሀ ብሎ ነው የጀመረው፣ በየወረቀቱ ሁለት ሰው፤ ዝናቡ ደግሞ እያለቀ ነበር። ሚያዝያና ግንቦት ፀሐይ በዛ፤ መስታወቱ አልመች አለ። ሩጫው ከእናቱ ዓይን ጋር ነው፤ ዓይናቸው ቀደመ።

ሰኔ ሲገባ ወይዘሮ ገንዘብ መስኮቱን ከግድግዳው መለየት አቆሙ። አላለቀሱም። እሱ ከሥራ ሲመጣ ሶፋው ላይ አጠገቡ ይቀመጣሉ፤ የእርሳሱን ድምፅ ያዳምጣሉ። ስለ መዲና በዚያ ቤት እንደልብ መወራት የጀመረው ያኔ ነው። ሁልጊዜ ይጠይቁታል፤ «ዛሬስ የት ደረሰች?» እሱም «ወፍጮ ቤቱን አለፈች»፣ «መስጊዱ ጋ ናት» ይላቸዋል።

አንድ ቀን እንደዚያው ተቀምጠው «ቤት ገባች?» አሉት።

ወረቀቱን አየው። «ገባች እማ።»

«ሻንጣውን ተቀበልካት?»

እርሳሱ ቆመ። «አዎ፣ ተቀበልኳት።»

«እሰይ፣ የኔ ልጅ» አሉ፤ ራሳቸውን ወደ ሶፋው ደገፍ አደረጉ። ወረቀቱ ላይ መዲና ገና መታጠፊያው ጋ ነበረች፤ ሻንጣው ትከሻዋ ላይ ነው፤ ፊት ፊት የሚሄደውም ሰውዬ አልዞረም።